«ዎከር» ማለት ተራማጅ ማለት ነው እንዴ? ስለዚህ የእንግሊዝ ላስት ኔም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፈረንጅ ስም ትርጉም ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ እርግጠኛ ሆኖ የሚሳሳትበት ስም ቢኖር ይሄ ዎከር የሚባለው ነው። ዎክ ማድረግ ምን እንደሆነ ኬጂ ያለ ልጅም ስለሚያውቅ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅም። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዛው ነበርኩ፣ ፖስታ ያመላልስ የነበረ እግረኛ መልእክተኛ ምናምን ነበር የሚመስለኝ። የተሰበሰቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እሺ ካልሆነ ዎከር ማለት ምን ማለት ነው?

ጨርቅ የሚረግጥ ሰው ማለት ነው። በእግሩ። ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ገንዳ ውስጥ ይከተታል፣ ውሃና ሌላም ነገር ይጨመርበታል (ስለዛ «ሌላም ነገር» ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ፣ ምሳ ላይ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ጨርሱ)፣ ከዛ ሰውየው ልብሱን ወደ ላይ ሰብስቦ ይገባና ለሰዓታት ይረግጠዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ደግሞ ይረግጠዋል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይሄ ሰው «ዌያልከረ» ይባል ነበር፣ ቃሉ የመጣው ማንከባለል፣ ማገላበጥ፣ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ከሚል ግስ ነው። ባለሙያው ዌያልከረ፣ ቆይቶ ዎከር። ስሙ ስራውን ነው የሚናገረው፣ መንገድ ላይ ከመሄድ ጋር መጀመሪያ ላይ ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ታዲያ ዎክ የሚለው ቃል እንዴት «መራመድ» ሆነ?

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፣ የተገለበጠው ትርጉሙ ነው። የድሮዎቹ እንግሊዞች ለመሄድ ሌላ ቃል ነበራቸው፣ «ጋንጋን» ይሉ ነበር፣ ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ያሉ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ መሄድን «ጋንግ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ዎክ የሚለው ግን መንከባለልና መናወጥ ነበር፣ ማዕበል ሲናወጥ ራሱ በዚህ ቃል ነበር የሚገለጸው። ከዛ ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ማለት ሆነ፣ ከዛ መንከራተት፣ ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ደግሞ በእግር መሄድ ወደሚለው ገባ። የስራው ስም ግን የድሮውን ትርጉም ይዞ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ሚስተር ዎከር» ሲባል እንግሊዝኛው ራሱ የረሳውን ትርጉም ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ሸማኔው ከጨረሰ ጨርቁ አልቆ የለም እንዴ፣ ለምን ይረገጣል?

የጥጥ ቢሆን ልክ ነበራችሁ። እኛ ጥጥ ለባሾች ስለሆንን ነው ነገሩ የማይገባን። ነጠላም ጋቢም ከሸማኔ ሲወጣ ጥለቱን ጨርሶ ጫፉን ቋጭቶ መልበስ ነው። ሱፍ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፣ የበግ ፀጉር ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፣ እንደ ዓሣ። ሲረጥብ፣ ሲሞቅና ሲታሽ እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከዛ በኋላ ማላቀቅ የለም። ጨርቁ ይጠብባል፣ ይወፍራል፣ ይጠቀጠቃል።

ይሄን ነገር ሳታውቁት አይታችሁታል። እኔ ውጭ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ደህና ገንዘብ ያወጣሁበትን የሱፍ ሹራብ ከሌላው ልብስ ጋር አንድ ላይ ላውንድሪ ማሽን ውስጥ ከትቼ ሙቅ ውሃ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት፣ ሲወጣ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ካርቶን የመሰለ ነገር ሆኖ አገኘሁት። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። በኋላ ሳነብ ነው ያ ማሽን ለአንድ ሰዓት ዎከር ሆኖ እንደሰራ የገባኝ። ልዩነቱ የድሮዎቹ አውቀው ነው የሚያደርጉት፣ ጨርቁን ከሚፈለገው በላይ ሰፊ አድርገው ይሸምኑታል፣ በእርግጫው ከወርዱ ሲሶ ወይም ከዛ በላይ ይጠፋል፣ የሚቀረው ግን ንፋስ የማያስገባ፣ ዝናብ ቶሎ የማያልፈው፣ በመቀስ ሲቆረጥ ጫፉ የማይተረተር ጨርቅ ነው። በእንግሊዝ ብርድ ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛ ጥቅሙ ደግሞ ማጠብ ነው። ሱፍ ከበጉ ላይ ቅባቱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ፈታዮቹም ክሩ እንዲንሸራተትላቸው ቅቤ ወይም ዘይት ይቀቡታል፣ ስለዚህ ከሸማኔ የሚወጣው ጨርቅ ሳሳ ያለ፣ የሚሸትና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ያ ቅባት ካልወጣ ቀለም አይዝም።

«ሌላም ነገር» ያልከው ምንድነው?

ሽንት። የሰው ሽንት፣ ያውም ያደረ።

ሽንት ሲቆይ ውስጡ ያለው ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ቅባትን ይዞ ይወጣል፣ ሳሙና ውድ በነበረበት ዘመን የድሃ ሳሙና ይሄ ነበር። ዮርክሻየር ውስጥ ከየቤቱ በማሰሮ እየተሰበሰበ ለጨርቅ ሰሪዎች ይሸጥ ነበር። ነገሩ ከእንግሊዞች አልጀመረም፣ ሮማውያንም እንዲሁ ነበሩ፣ ፖምፔ ላይ እሳተ ገሞራው የቀበራቸው የልብስ አጣቢ ቤቶች ገንዳቸው ሳይቀር ተገኝቷል፣ ሰዎቹ ገንዳ ውስጥ ቆመው ሲረግጡ የሚያሳይ የግድግዳ ስዕልም አለ። ከ69 እስከ 79 የነገሠው ቬስፓሲያን የተባለው ንጉሠ ነገሥት እንዲያውም በሽንቱ ላይ ቀረጥ ጣለ። ልጁ ቲቶ «ይሄማ ያሳፍራል» ሲለው ሳንቲሙን አፍንጫው ስር ይዞለት «ይሸታል?» አለው ይባላል። ፈረንሳዮች የመንገድ ዳር ሽንት ቤትን በዚህ ሰውዬ ስም «ቬስፓዚየን» ብለው ጠርተውታል፣ ንጉሥ ሆኖ እንደዛ መታወስ እንግዲህ ምን ይባላል።

ከሽንት ሌላ ደግሞ ቅባት የሚመጥ ልዩ የሸክላ አፈር ነበር፣ እንግሊዝ ውስጥ «ሰሪ» (Surrey) የሚባለው አውራጃ፣ ሬድሂልና ነትፊልድ አካባቢ በብዛት ይቆፈር ነበር። ለጨርቅ ኢንዱስትሪው ከመፈለጉ የተነሳ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ የተከለከለበት ጊዜም አለ። ዘመድ የሆነውን አፈር ዛሬ ታውቁታላችሁ፣ ዱባይና ሪያድ የህንድና የፓኪስታን ሱቆች ውስጥ «ሙልታኒ ሚቲ» እየተባለ ለፊት ማስክ የሚሸጠው ዱቄት ነው። ቅባታም ፊት ያላቸው ሴቶች የሚቀቡት ለዛው ስራ ነው፣ ቅባት እንዲመጥ።

እኛ ጋም ወንዝ ወርዶ ልብስ በእግር ማጠብ አለ፣ ያው ነገር ነው?

ግማሹ ያው ነው። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ጋቢና ቡልኮ ዘርግቶ እንዶድ ደቁሶ እየረገጡ ማጠብ ድሮ በየአገሩ የነበረ ነው፣ እንቅስቃሴው ከዎከሮቹ ጋር አንድ ነው። ግን ጥጥን ብትረግጡት ይነጣል እንጂ አይጠቀጠቅም፣ ቅርፊት የለውማ። እንዶድ ስንል መቼም ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ አላልፍም፣ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ሲያይ ነው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት። ከልብስ አጠባ የወጣ ሳይንስ ነው። ወደ ዎከር ልመለስ።

ፉለር እና ታከር የሚባሉትም ስሞች ከዚህ ጋር ይገናኛሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሦስቱም አንድ ስራ ናቸው። ገንዳው አንድ፣ ሽታው አንድ፣ ስሙ ብቻ በአገሩ የተለየ። በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ማለትም ሰሴክስ፣ ኬንትና ኢስት አንግሊያ በኩል ሰውየው ፉለር ይባላል፣ እሱ ከላቲኑ «ፉሎ» የመጣ ነው፣ የሮማዎቹ አጣቢዎች ስም። በደቡብ ምዕራቡ፣ ዴቨን፣ ሶመርሴትና ኮርንዎል ደግሞ ታከር ነው፣ እሱ ደግሞ በጥንቱ ቋንቋ ማሰቃየት፣ ማንገላታት ከሚል ግስ የመጣ ነው (ጨርቁን ማለት ነው፣ ግን የሰውየውም እግር ሳይንገላታ አይቀርም)። ከመሃሉ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን፣ ላንካሻየርና ዮርክሻየር አድርጋችሁ ስኮትላንድ ድረስ ስትሄዱ ዎከር ነው።

እኛ ጋ አንዱ አገር ያንኑ ዕቃ በአንድ ስም ሲጠራው ሌላው በሌላ እንደሚጠራው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ቃሉን ስም አድርገው ከልጅ ልጅ አወረሱት። ስለዚህ የ13ኛው ወይም የ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብር መዝገብ ገልጠህ ሦስቱ ስሞች የት የት እንደሚበዙ ብታይ የዘዬ ካርታ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ዛሬ ሰው ሁሉ ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካ ስለፈለሰ ተቀላቅሏል፣ ግን አንድ ታከር ብታገኝና የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ ብትከተል ዴቨን ላይ የመድረስ ዕድልህ ጥሩ ነው። ኤክሰተር ከተማ ውስጥ «ታከርስ ሆል» የሚባል በ1471 የተሰራ የሸማኔዎችና የጨርቅ ረጋጮች ማኅበር አዳራሽ እስካሁን ቆሞ አለ።

የምታውቋቸውን ልጥራ፦ ኮሜዲያኑ ክሪስ ታከር፣ ክብ ጣራ ህንጻ በመንደፍ የታወቀው በክሚንስተር ፉለር፣ ኳስ ተጫዋቹ ካይል ዎከር። ሦስቱ አንድ ላይ ቢቀመጡ አንድ ስም ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ማን ይገምታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው «አጣቢ» ይሄ ነው?

አዎ። ማርቆስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 3 ላይ ጌታችን በተራራው ላይ ልብሱ ሲያበራ በምድር ያለ አጣቢ ያን ያህል ሊያነጣው አይችልም የሚለው ቦታ በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ፉለር» ተብሎ ነው የተተረጎመው። ሚልክያስ 3፥2 ላይ ያለው የአጣቢ ሳሙናም እንደዛው። አማርኛው «አጣቢ» ማለቱ በጣም ልክ ነው፣ በጥንቱ ዓለም ሙያው ሁለቱንም ነበር፣ አዲስ ጨርቅ ማጥበቅም የቆሸሸ ማንጣትም።

መቼ ነው የስራ ስም የቤተሰብ ስም የሆነው?

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ከዛ በፊት ሰው አንድ ስም ነበረው፣ ግን አንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ሲኖር «ረጋጩ ጆን» ማለት ይመጣል፣ መዝገብ ላይም «ጆን ለ ዎከር» ተብሎ ይጻፍ ነበር («ለ» የፈረንሳይኛው le ነው፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ»)። በዚህ ጊዜ ስሙ ገና እውነተኛ ነው፣ ሰውየው ስራውን ቢቀይር ስሙም ይቀየራል። ከ1200ዎቹ እስከ 1400ዎቹ ባለው ጊዜ ነው የረጋው፣ ደቡቡ ቀድሞ ሰሜኑ ዘግይቶ። በ1377፣ 1379 እና 1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲሰበሰብ የተጻፉት መዝገቦች ላይ ሽግግሩን ታዩታላችሁ፣ አንዱ ስሙም ዎከር ስራውም ዎከር ነው፣ ሌላው ስሙ ዎከር ሆኖ ስራው ሌላ ነው። ያቺ ሁለተኛዋ ስትመጣ ስሙ ከስራው ተለይቶ የዘር ሆነ ማለት ነው። በ1538 ደግሞ በየደብሩ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘገብ ታዘዘ፣ ከዛ በኋላ ስም መቀየር እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም።

እኛ ጋ ለምን እንዲህ ያለ ስም የለም?

አንደኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያባትና ያያት ስም ነው ያለን፣ በየትውልዱ ይቀየራል (አሜሪካ ስንመጣ ፎርም ላይ ያያታችን ስም ላስት ኔም ሆኖ ሲጠራ የሚሰማን ግራ መጋባት ከዛ ነው)። ሁለተኛው ምክንያት ያማል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ማለት እኛ ጋ ስድብ ነበር እንጂ ለልጅ የሚወረስ ስም አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቀጥቃጭ፣ ማለትም ስሚዝ፣ ከሁሉም የበዛው ስም ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ሌላ ጊዜ።

ዎከር የሚባል ሰው ሁሉ ቅድመ አያቱ ጨርቅ ረጋጭ ነበር ማለት ነው?

አይደለም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል።

አንደኛ፣ ኒውካስል ከተማ ውስጥ ታይን ወንዝ ዳር ዎከር የሚባል ሰፈር አለ። የሱ ስም ከጨርቅ ጋር አይገናኝም፣ «ግንብ» እና «ረግረግ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፣ ግንቡ ሮማውያን ያቆሙት የሃድሪያን ግንብ ነው። ከዛ ሰፈር የወጣ ሰው በሰፈሩ ስም ተጠርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ስኮትላንድ ደጋማው ክፍል ውስጥ በጌሊክ ቋንቋ «የረጋጩ ልጅ» የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፣ እንግሊዝኛ ሲገባ ስማቸውን ተርጉመው ዎከር አሉት፣ እነሱ ስራው ትክክል ነው ቋንቋው ነው የተለየው።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዎከር በጣም ከተለመዱት 50 ስሞች አንዱ ነው፣ ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹም ጥቁሮች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ላንካሻየር ገንዳ ውስጥ አልቆሙም፣ በባርነት ዘመን ከባለቤቱ ስም ተወስዶ፣ ወይ ከ1865ቱ ነጻነት በኋላ ሰው ራሱ መርጦት፣ ወይ በጋብቻ የመጣ ነው። በ1829 ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳትሞ ደቡቡን ያንቀጠቀጠው ዴቪድ ዎከር ዎከር ነው። ማዳም ሲ ጄ ዎከር ደግሞ በጥቁር ሴቶች የፀጉር ቅባትና እንክብካቤ ንግድ ሀብታም የሆነችው ናት፣ በ1867 ሉዊዚያና ስትወለድ ስሟ ሴራ ብሪድላቭ ነበር፣ ዎከርን ያገኘችው ከባሏ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይቺ ሴት ንግዱን ከመጀመሯ በፊት ለብዙ ዓመት የምትተዳደረው የሰው ልብስ በእጇ እያጠበች ነበር። ስሙን ከማግኘቷ በፊት ስራውን ሰርታዋለች።

ቡሽ ዎከር ነው የሚባለውስ?

ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ላይ ያለችው «ደብልዩ» ዎከር ናት። ከአባቱ አያት ከጆርጅ ኸርበርት ዎከር የመጣች ናት፣ ባለባንክ ነበር፣ የጎልፉ ዎከር ካፕም በሱ ስም ነው የተሰየመው። ሁለቱም ፕሬዚዳንቶች፣ አባትም ልጅም፣ ይሄን ስም መሃል ላይ ይዘዋል።

የውስኪው ጆኒ ዎከርስ? ጠርሙሱ ላይ ሰውዬው እየተራመደ ነው እኮ!

ለስህተቱ ግማሽ ጥፋት የሱ ነው! ጆን ዎከር በ1805 የተወለደ የስኮትላንድ ሰው ነው፣ በ1820 ኪልማርኖክ ከተማ ውስጥ ግሮሰሪ ከፈተ፣ ሻይና ቅመማ ቅመም ምናምን ይሸጥ ነበር፣ ውስኪውም ከዛው ሱቅ ነው የተነሳው። ባርኔጣውን ደፍቶ ከዘራውን ይዞ የሚራመደው ሰውዬ ግን የመጣው በ1908 ነው፣ ቶም ብራውን የሚባል ካርቱኒስት ነው የሳለው፣ ጆን ዎከር ራሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ። በስሙ ቀልደው ነው፣ ዎከር ስለሆነ ይራመድ ብለው። ማስታወቂያውም «መራመድህን ቀጥል» ሆነ፣ ዓለም ሁሉ አመነ። ትክክለኛው ሎጎ ይሳል ቢባል ሰውዬው ባዶ እግሩን ሽንት ገንዳ ውስጥ ቆሞ ነበር መታየት ያለበት፣ ማን ይገዛዋል ታዲያ።

የደን ጠባቂ ማለት ነው የሚልም አንብቤያለሁ

አንዳንድ የድሮ መጻሕፍት ላይ አለ፣ የንጉሥ ደን ውስጥ እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚል። ከጨርቅ ረጋጭ ደን ጠባቂ ሆኖ መገኘት እንደሚያስደስት ይገባኛል። ግን ስሙ የሚበዛው ደን ባለበት ሳይሆን የሱፍ ጨርቅ በሚሰራበት አገር ነው፣ የጥንቱ ቃልም በመዝገበ ቃላት የላቲኑን «ፉሎ» ለመተርጎም ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ብዙም አያስኬድም።

ከጨርቅ ስራ የወጡ ሌሎች ስሞች አሉ?

ኧረ መአት ናቸው፣ በጉን ጀምራችሁ ካባው እስኪሰፋ ድረስ በስም መቁጠር ትችላላችሁ። ሼፐርድ እረኛው ነው፣ ካርደር ሱፉን የሚያባዝተው፣ ዌብ፣ ዌበርና ዌብስተር ሦስቱም ሸማኔ (ዌብስተር ላይ ያለው መጨረሻ መጀመሪያ የሴት ባለሙያ ምልክት ነበር፣ የመዝገበ ቃላቱ ዌብስተር ስሙ በትርጉም ደረጃ ሸማኔዋ ነው)። ከዛ ዎከር ይረግጣል። ዳየር ቀለም ይነክራል፣ ሰሜን ከሆነ ሊስተር ይባላል። ሸርማን የጨርቁን ላይ ፀጉር በትልቅ መቀስ እኩል የሚከረክመው ነው፣ ቴይለር ልብስ ሰፊው፣ ድሬፐር ጨርቅ ነጋዴው። ያ አገር በሱፍ ነው የከበረው፣ የጌቶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በሱፍ የተሞላ ቀይ ትልቅ ትራስ ላይ ነው፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ።

አንድ የረሳሁት፣ የተረገጠው ጨርቅ እንዳይጨማደድ ሜዳ ላይ እንጨት ማዕቀፍ ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ይሰጣ ነበር፣ ማዕቀፉ ቴንተር ይባላል፣ መንጠቆው ቴንተርሁክ። እንግሊዝኛ የምትችሉ «ኦን ቴንተርሁክስ» ሲባል ሰምታችኋል፣ እኛ ልቤ ተንጠልጥሏል የምንለው ማለት ነው። ለንደን ስፒታልፊልድስ አካባቢ ቴንተር ግራውንድ የሚባል መንገድ አለ፣ ጨርቅ ይሰጣበት የነበረ ቦታ ነው።

እስከ መቼ በእግር ሲረግጡ ኖሩ?

ከሚገመተው በላይ ቀድሞ ነው ማሽን የመጣው። በ1185 የቴምፕላር ፈረሰኞች (የመስቀል ጦርነት ዘመን ተዋጊ መነኮሳት) ንብረታቸውን ሲቆጥሩ ዮርክሻየርና ግሎስተርሻየር ውስጥ በውሃ የሚሰራ የጨርቅ መርገጫ ወፍጮ እንዳላቸው ተጽፏል። ውሃው መንኮራኩሩን ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ሁለት ከባድ የእንጨት መዶሻ እያነሳ ገንዳው ውስጥ ያለው ጨርቅ ላይ ይጥላል፣ ቀንም ሌሊትም። አስቡት እንግዲህ፣ ስሙ የቤተሰብ ስም ሆኖ በሚረጋበት ዘመን ብዙ ዎከሮች እግራቸውን አድርቀው ወፍጮ ጠባቂ ሆነው ነበር። ወፍጮዎቹም በየአገሩ ስም ትተዋል፣ ሰሜን ዎክሚል፣ ኮርንዎል ውስጥ ታኪንግሚል የሚባል መንደር፣ ዌልስ ውስጥ ደግሞ ቶኒፓንዲ ከተማ፣ «ፓንዲ» በዌልስኛ የዚሁ ወፍጮ ስም ነው።

ወፍጮ ያልገባበት ቦታም ነበር። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች ላይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሴቶች ረጅም ሳንቃ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ በእጃቸው እየደበደቡ ወደ ጎን እያሳለፉ ያጠብቁት ነበር (አዎ፣ እዛም ሽንት ነው)። አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ልክ እንደኛ የደቦ ዘፈን፣ ጨርቁ ለመጥበቅ ስንት ሰዓት እንደቀረው በዘፈን ቁጥር ነበር የሚለካው፣ አንዱን ዘፈን ሁለቴ መዝፈን ደግሞ ገድ የለውም ይባላል። ዘፈኖቹ ዛሬም አሉ፣ ፈልጋችሁ ስሟቸው፣ የድብደባው ምት ከስር ይሰማል።

ጀርመን አገር ያሉ ዎከሮች ከእንግሊዝ ሄደው ነው?

የግድ አይደለም። ጀርመንኛ ውስጥ «ዋልከን» የሚለው ግስ እስከ ዛሬ ሱፍ ማጥበቅ ማለት ነው፣ እነሱ አልረሱትም። የባቫሪያና የኦስትሪያ ሰዎች የሚለብሱት ያ ወፍራም አረንጓዴ ካፖርት፣ ሎደን የሚባለው፣ በዚህ ዘዴ የተሰራ ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ወይ ሙኒክ ያላችሁ «ዋልከር» የሚል የበር ደወል ስታዩ ያንኑ ሙያ ነው ያያችሁት።

ስራው ዛሬም አለ?

አለ፣ ሰው ግን አይረግጥም። እንግሊዝ ውስጥ ግሎስተርሻየር ስትራውድ የሚባል ሸለቆ አለ፣ ለመቶዎች ዓመታት የወታደር ቀይ ኮት ጨርቅ ሲሰራበት የነበረ አገር ነው፣ ዛሬም ሱፍ እየሸመነ በማሽን የሚያጠብቅ ቀርቷል። ከሚያወጡት አንዱ የቴኒስ ኳስ ላይ የሚለበጠው ቢጫ ፀጉራም ጨርቅ ነው። ሌላው ደግሞ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ጨርቅ ነው። አዲስ አበባ ከረንቡላ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያ ደህና የሚባለው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ባለቤቱ ሲጋራ እንዳይነካው፣ ቢራ እንዳይፈስበት ቆሞ የሚጠብቀው፣ በእጃችሁ ብትዳስሱት ክሩ የት ጋ እንደተሸመነ የማይገኝ፣ ቢቀደድ እንኳን የማይተረተር፣ እሱ ነው ተረግጦ የጠበቀ የሱፍ ጨርቅ ማለት።